የወር ደመወዝና የሌሊት ሽልማት

ደመወዝ የሚለው ቃል ከሁለት ቃላት ተጋጥሞ የተሠራ ነው። ደም አለበት፤ ወዝም አለበት። ሠራተኛ በወር መጨረሻ ከገንዘብ ያዡ መስኮት ፊት ቆሞ፣ መዝገብ ላይ ፈርሞ የሚቀበለው ብር የደሙና የወዙ ምትክ መሆኑን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ሽልማት ግን ሌላ ነው። ሽልማት የሰጪው ደስታ ምልክት እንጂ የተቀባዩ ድካም ዋጋ አይደለም። ሰጪው ካልተደሰተ ወይም ኪሱ ባዶ ከሆነ ሽልማት የለም፤ ከተደሰተና እጁ ከተፈታ ደግሞ ተቀባዩ ደመወዝተኛ በወር የማያየውን ገንዘብ በአንድ ሌሊት ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ሊያገኘው ይችላል። የሀገራችን ሙዚቀኛ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ሲመላለስ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ተቀጥሮ ማደር ይሻላል ወይስ በራስ ማደር? የትኛውስ የበለጠ ያስገኛል? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ነጋዴ፣ ስለ ልብስ ሰፊ፣ ስለ ሾፌር ነው። እኔ ስለ ሙዚቀኛ ላነሣው የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰው በዚያው በአንድ ጣቱ፣ በዚያው በአንድ ጉሮሮው፣ ቀን ደመወዝተኛ ማታ ደግሞ በራሱ አዳሪ ሆኖ የኖረበት ሙያ ከዚህ የበለጠ አላውቅምና ነው። ስለዚህም የሁለቱ መንገድ ትርፍና ኪሣራ በሌላ ሙያ ከሚታየው ይልቅ እዚህ ጎልቶ ይታያል።

ከአዝማሪ እንነሣ። የአዝማሪ ሀብት ማሲንቆው ነው። ማሲንቆ ምን ይጠይቃል? ጥቂት እንጨት፣ ቁራጭ ቆዳ፣ ከፈረስ ጭራ የተነቀለ ጸጉር። ይህ ሁሉ በገጠር ያለ ነገር ነው፤ ባለሙያው ራሱ ጠርቦና ወጥሮ ይሠራዋል። አባት ለልጁ ሙያውን ሲያወርስ መሣሪያውን መሥራትንም አብሮ ያወርሳል። በጎንደር አቅራቢያ እንደምትገኘው እንደ ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጅ አፉን ሲፈታ ዜማውንም፣ ከሌላው ሰው የሚሰወሩበትን የሙያ ቋንቋቸውንም አብሮ ይፈታል። እንግዲህ በዘመኑ የኢኮኖሚ ቋንቋ እንናገር ከተባለ አዝማሪ የማምረቻ መሣሪያው ሙሉ ባለቤት ነው። መሣሪያውን የሚያበድረው ጌታ፣ ሲመሽ የሚረከበው ዕቃ ቤት የለም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ገቢውስ? የአዝማሪ ገቢ እንደ ዝናብ ነው። ወቅት አለው። ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ወር የሠርግ ወር ነው፤ በዚያ ወር አዝማሪ ከዳስ ወደ ዳስ ይጠራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸለማል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ሠርግ የለም፤ ለኀምሳ አምስት ቀን ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ፋሲካ ሲብት እንደገና ይወርዳል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል፣ ገበሬውም በእርሻ ይያዛል፤ መሬት ያለው አዝማሪ እሱም ያርሳል። ስለዚህ የአዝማሪን ገቢ በጥር አይቶ የቀና ሰው በመጋቢት መጥቶ ቢያየው ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። በራስ የማደር ሒሳብ ሁልጊዜ በዓመት እንጂ በወር እንደማይሰላ የመጀመሪያው አስረጂ ይህ ነው።

ሆኖም የአዝማሪ ንግድ እንደ ተራ ንግድ አይደለም። ሸማቹ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፤ የሚገዛውንም ዕቃ ራሱ አብሮ ይሠራል። እንግዳው ተቀበል ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ስንኙ ወዳጅን የሚያወድስ ሊሆን ይችላል፤ ማዶ የተቀመጠውን ባላንጣ የሚነካም ሊሆን ይችላል። አዝማሪው በሰምና ወርቅ አሽሞንሙኖ ያቀርበዋል፤ ማዶ ያለውም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እሱም ተቀበል ይላል፣ እሱም ይሸልማል። ብልህ አዝማሪ በሁለት ሰዎች ኩራት መካከል ቆሞ ከሁለቱም ይቀበላል። ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። አዝማሪ የሚሸጠው ሙገሳ ብቻ አይደለም። ዝምታም ይሸጣል። ንፉግ ጌታ ነገ በሌላ ቤት ምን እንደሚዘፈንበት ያውቃልና ዛሬ እጁን ይዘረጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ነፃነት እያለ፣ በጥንቱም ዘመን ቢሆን ብዙው አዝማሪ የሚመኘው ምን ነበር? ተቀጥሮ ማደርን ነበር። በንጉሥ ወይም በአንድ ትልቅ ራስ ቤት መጠጋት፣ ቀለብ ማግኘት፣ ለበዓል ልብስ መሸለም፣ ከተቻለም የማደሪያ መሬት መቀበል። ነጋሪት የሚመቱት፣ እንቢልታና መለከት የሚነፉት ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት ጋር የታሠሩ የማዕረግ ሙያተኞች ነበሩ። ስለዚህ የደመወዝና የሽልማት ክርክር የቢሮ ዘመን የወለደው አይደለም። የዚያ ጊዜ ደመወዝ እህልና መሬት ነበር እንጂ ጥያቄው ያው ነበር፦ ጌታ ያለው ይጠግባል፤ ግን የሚያወድሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጌታ የሌለው ይራባል፤ ግን የፈለገውን ይነካል።

ጌታ የሌለው አፍ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የተረዳው ጠላት ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ በመጋቢት ወር፣ ግራዚያኒ ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም ጠንቋዮች፣ ዐዋቂዎችና ከመንደር መንደር እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎች ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን አስታውቋል። ለመሆኑ ታንክና አውሮፕላን ያለው መንግሥት ማሲንቆ ያንጠለጠለን ሰው ለምን ይፈራል? በእኔ አስተያየት መልሱ ከእንጀራው ጋር የተያያዘ ነው። ደመወዝተኛን ዝም ለማሰኘት ደመወዙን መቁረጥ ይበቃል። አዝማሪ ግን የሚቆረጥ ደመወዝ የለውም፤ እንጀራው በሺህ ቤቶች ተበታትኖ ያለ ነውና ሺህ ቤት መዝጋት አይቻልም። የቀረው መንገድ አንገቱን መቁረጥ ብቻ ነበር። በራሳቸው ያድሩ የነበሩ እነዚያ ሰዎች ለነፃ አንደበታቸው የከፈሉት ዋጋ በየትኛውም የገቢ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ሌላው መንገድ እንሻገር። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሥ በስጦታ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች በሀገራችን ሙዚቃ ውስጥ አዲስ ድምፅ ብቻ ሳይሆን አዲስ የእንጀራ ሥርዓትም ይዘው መጡ። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያይዋቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ አርባ ልጆች አላቸው፤ ስማቸውም በዚያው ቀረ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበሩ። ልጆቹ የመጡት በውል ተቀጥረው ነው፤ ሥራቸው መንፋት፣ ክፍያቸውም የታወቀ። ናልባንድያን ዜማውን የደረሱለት፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለት መዝሙር እስከ አብዮቱ ድረስ የሀገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። እንግዲህ ከአርባ ልጆች በኋላ የዘመናዊ ሙዚቀኛ አርአያ ማን እንደሆነ ታወቀ። የደንብ ልብስ የለበሰ፣ በሰዓት የሚገባ፣ በሰዓት የሚወጣ፣ በወር የሚፈርም።

ለምን ይህ ሆነ? ብዙ ሰዎች የመንግሥትን ፈቃድ ብቻ ይጠቅሳሉ። እኔ ግን አንባቢ ይያዝልኝ ወዳልሁት ነጥብ እመለሳለሁ። ትራምፔት ከፈረስ ጭራና ከፍየል ቆዳ አይሠራም። ሳክስፎን በመርከብ የሚመጣ፣ አንድ ሙዚቀኛ ዕድሜውን ቢያጠራቅም የማይገዛው ዕቃ ነበር። መሣሪያው የመንግሥት ነው፤ ጠዋት ከንብረት ክፍል ተፈርሞ ይወጣል፣ ማታ ተቆጥሮ ይመለሳል። መሣሪያው የማን እንደሆነ የታወቀ ዕለት እንጀራው የማን እንደሆነ ታወቀ። ማሲንቆ በራሱ የሚያድር ሰው ወለደ፤ ሳክስፎን ደመወዝተኛን ወለደ።

የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች በዚህ ሥርዓት አደጉ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ ወረራው ሊመጣ ሲል በመኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነፃነት በኋላ እንደገና ቆሞ የዘፈንና የተውኔት ቤት ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቅ አዳራሽ ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የገባ ከያኒ ምን አገኘ? ቁርጥ ያለ የወር ገቢ አገኘ። ኖታ የሚያስተምረው ሰው አገኘ፤ ከኬቮርክ የወንድም ልጅ ከነርሲስ ናልባንድያን እጅ የተማሩት ስንት እንደሆኑ የቴአትር ቤት ሰዎች ያውቃሉ። በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ሲወጣ ደግሞ አዝማሪ በሕልሙ ያላየው ነገር መጣ፦ ድምፅ ሲዘጋና ጣት ሲደነዝዝ የማይቋረጥ ገንዘብ።

ከሁሉ በላይ ግን ክብር አገኘ። በዚህ ጉዳይ ጥቂት ልቆይ። አዝማሪ የሚለው ቃል በብዙ ቤት ስድብ ነበር። ልጁ ዘፋኝ ልሁን ያለው አባት ዱላ ያነሣ ነበር። አዝማሪ ሠርግ አድማቂ ነው፤ ልጄን ስጡኝ ብሎ ቢመጣ ግን ደጃፍ አይሻገርም። የክብር ዘበኛን የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ማዕረግ በትከሻው ደርቦ የሚዘፍን ወጣት ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። እሱ ወታደር ነው፤ የመንግሥት ሰው ነው። ደመወዝ በብር ብቻ የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ በግል መዝፈንን በመረጡ ነበር፤ ያ የደንብ ልብስ ግን ለሙያው የተከፈለ የውርደት ካሣ ነበር። የሁለቱን መንገድ ገቢ የሚያነጻጽር ሰው ይህን ካሣ ካላሰበ ሒሳቡ ይስታል።

የሰጠ እጅ ግን ይወስዳል። ክፍሉ የደመወዝተኛውን ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንም ሊወስድ ይፈልግ ነበር። ዘፈኑ የክፍሉ ነው። የት እንደሚዘፈን፣ መቼ እንደሚዘፈን፣ ለማን እንደሚዘፈን የሚወስነው አዛዥ ነው። ደመወዝ ዋስትና ነው ይባላል፤ ዋስትናው ግን ከአሠሪው ዕድሜ አይበልጥም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ያስነሡት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ጠመንጃ ከያዘው ጋር ማይክሮፎን የያዘውም ተጠያቂ ሆነ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ከሀገር ፍቅር ወጥቶ ወደ ክብር ዘበኛ የገባው ያ ድምፅ፣ ለጊዜው እስር ቤት ገባ። አዝማሪ አንድ ጌታ ቢወድቅበት ወደ ሌላው ደጃፍ ይሄዳል። ደመወዝተኛው ግን ከጌታው ጋር ይወድቃል።

ይሁንና ሕይወት እንደ ደንብ መጽሐፍ አትጓዝም። ማኅሙድ አህመድን እንውሰድ። በልጅነቱ ሊስትሮ ነበረ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ ውስጥ የጉልበት ሥራ ይሠራ ነበር። አሪዞና የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡበት ቤት ነበረ። አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር ማኅሙድ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፤ ዘፈነ፤ ከዚያም የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ ሆኖ እስከ 1966 ዓ.ም. ቆየ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ዕድል ተረት ያወራዋል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የሀገሪቱ ደመወዝተኞች በሌሊት የት ነበሩ? በክበብ ነበሩ። ደመወዙ ቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ሌሊቱ ሥጋ ይገዛል። የቀን ደመወዝና የማታ ሽልማት በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይገናኙ ነበር። ቀን በትምህርት ቤት ማታ በየቤቱ የሚያስተምር መምህር ይህን ቢያነብ አይደነቅም።

ደፍረው ሙሉ በሙሉ የወጡም ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተቋማቱ የወጡ ሙዚቀኞች ራስ ባንድን በራስ ሆቴል አቋቋሙ፤ ቀጥሎ ሶል ኤኮስ መጣ፤ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴም ከግርማ በየነ ጋር ዓለም ግርማ የተባለውን ባንድ መሠረተ። እንግዲህ እነዚህ በራሳቸው አዳሪዎች ሆኑ ማለት ነውን? በከፊል ብቻ። አሁንም መሣሪያውን እዩ። አብዛኛዎቹ ባንዶች የሚጫወቱበት ጊታርና ኦርጋን የክበቡ ወይም የሆቴሉ ባለቤት ንብረት ነበረ። ጄኔራሉ ሄዶ በቦታው ባለ ክበብ ተተካ። ሙዚቀኛው የአሠሪ ምርጫ አገኘ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ግን ዛሬም ተቀጣሪ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ሸክላው ነው። በ1940ዎቹ መግቢያ የወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩም በዚህ መብት ብዙ አልሠራበትም፤ የበር ቁልፍ ይዞ ውጭ እንደቆመ ሰው ነበር። በ1961 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሃያ አምስት ዓመት ያልዘለለው ሙዚቃ ቤት ባለቤቱ ዐምሃ እሸቴ ያን ትእዛዝ ተላልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። ሸክላው መጀመሪያ በሕንድ፣ ቆይቶም በቤይሩት ተቀረጸ። ዐምሃ በ1967 ዓ.ም. አካባቢ ሀገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። እሱ የማንም ተቀጣሪ አልነበረም። ገንዘቡንም፣ አደጋውንም፣ ትርፉንም ራሱ ያዘ።

ዘፋኙስ? ዘፋኙ ዘፈኑን በቁርጥ ዋጋ ይሸጥ ነበር። አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ሸክላው መቶ ቢሸጥ፣ ዐሥር ሺህ ቢሸጥ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ እንደገና ቢታተም፣ በኪሱ የሚጨመር ነገር የለም። የሕግ ቀዳዳ ነበር እንዳይባል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን የሚመለከቱ አንቀጾች ነበሩት። ሕጉ ነበር፤ ሕጉን ይዞ የሚሟገት ማኅበር፣ ቅጂውን የሚቆጥር መዝገብ ግን አልነበረም። ስለ ቁርጥ ዋጋ ስጽፍ እጄ ትንሽ ይከብደኛል፤ እኔም አንድ ተውኔቴን በወጣትነቴ ለአንድ ቤት በቁርጥ ሸጬ፣ አዳራሹ ሲሞላ ከነተመልካቹ ተሰልፌ ትኬት ገዝቼ ገብቻለሁ። ያን ሌሊት ከትኬቱ ዋጋ ይልቅ የቆጨኝ መቁጠሬ ነበር፤ ከመጋረጃው ይልቅ ወንበሮቹን አይ ነበር።

በዚህ ጸሐፊዎቻችንን ማንሣት ተገቢ ነው፤ ግን ነገሩ አጭር ነው። በብዕሩ ብቻ ያደረ ደራሲ በጣት ይቆጠራል። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር፣ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የቴአትር ቤት ኃላፊ ነበሩ። ደራሲ ማታ የሚጽፍ ደመወዝተኛ ነው። ሙዚቀኛው ቢያንስ ማታም ይከፈለው ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሆነው ነገር የሁለቱን መንገድ ሚዛን ገለበጠው። ሰዓት እላፊ ታወጀ። የአዝማሪና የባንድ ገበያ ሌሊት ነውና ሌሊት ሲዘጋ ገበያው ተዘጋ። ክበቦች አንድ በአንድ በራቸውን ቆለፉ። በራሱ ያድር የነበረው ሙዚቀኛ ሁለት ምርጫ ቀረለት፤ ወደ መንግሥት ቤት መመለስ ወይም ወደ ትልልቆቹ ሆቴሎች መጠጋት። በቀበሌውና በመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ብዙ ድምፅ ከዚያ ወጣ፣ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን የኪነት ጓድ በአብዛኛው የሚከፈለው በጭብጨባ ነበር። በ1980 ዓ.ም. በሕዝብ ለሕዝብ ጉዞ ከአህጉር ወደ አህጉር የተዘዋወሩት ከያንያንም የመንግሥት ቴአትር ቤቶች ልጆች ነበሩ፤ ዓለም አጨበጨበላቸው፣ ሲመለሱም ያው የወር መዝገባቸው ጠበቃቸው።

በዚያ ዘመን መካከል አንድ የተለየ ነገር የሠራ ባንድ አለ፤ ዋልያስ ባንድ። ቬነስ ከሚባለው ክበብ የወጡ ሙዚቀኞች ናቸው። ከሌሎቹ የለያቸው ዜማቸው ብቻ አይደለም። የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ገንዘባቸውን አዋጥተው፣ ከትርፋቸው እያነሡ፣ የክበብ ባለቤት ሳይሆን ራሳቸው የመሣሪያው ጌቶች ሆኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሒልተን ሆቴል ጋር የተነጋገሩት እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ተዋዋይ ነበር። ውሉ ካልተስማማ መሣሪያውን ጭኖ መሄድ ይቻላል። ይህ መቻል ብቻውን ዋጋ ያስጨምራል። ሰዓት እላፊው እንግዳውን ሆቴሉ ውስጥ ስለሚቆልፈው ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ቼ በለው የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራቸውን አወጡ። ሙዚቃዊ ስልት የሚለው ዜማ በዚያ ውስጥ ነው። የማሲንቆው ሥርዓት ሳክስፎን ይዞ ተመለሰ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሸክላ ጠፍቶ ካሴት ሲተካ ደግሞ በራስ የማደር ተስፋ ሰፋም ጠበበም። ሰፋ፤ ካሴት ርካሽ ነውና ዘፈን ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየአውቶቡሱና በየሻይ ቤቱ ገባ፤ ማኅሙድ ፒያሳ ላይ የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የዘፋኝንና የነጋዴን ሥራ በአንድ እጅ ያዘ። ጠበበ፤ ካሴትን ማባዛት የሚችለው አሳታሚው ብቻ አልነበረምና። ሁለት ማጫወቻ ያለው ማንም ሰው አታሚ ሆነ። ዘፋኙ ያለው አማራጭ አሁንም ቁርጥ ዋጋ ነበር፤ አሳታሚውም ቅጂው እንደሚሰረቅ እያወቀ ቁርጡን ያሳንሳል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እስኪወጣ ድረስ አንድ ሙሉ ትውልድ በዚህ መልክ ሸጦ ጨረሰ።

በተማሪነቴ ዘመን፣ ሰዓት እላፊው ከተነሣ ከዓመታት በኋላ፣ ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች በረድፍ ተከፍተው ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ብር አዋጥተን እንገባለን፤ ከጠጁ ይልቅ ስንኙ ይወደድብን ነበር። ማሲንቆ የሚገርፈው ሰው የአንድ የመንግሥት ቤት ባልደረባ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ፣ ቀን በመድረክ ላይ የባህል ልብስ ለብሶ ሳየው ነው። ቀን ላይ ከሃያ ሰዎች መካከል አንዱ ነበረ፤ ዓይኑን ከመሪው እጅ አያነሣም። ማታ የብቻው ቤት ነበረው፤ ሁላችንንም እያየ በስማችን ይገጥም ነበር። የትኛው ሥራ የበለጠ እንደሚያስገኝለት አልጠየቅሁትም፤ ይህን መጠየቅ ነውር ነውና። ሁለቱንም እንዳልተወ ግን አየሁ። አንዱ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ ሌላው የሚከፍልበትን ገንዘብ።

በቀሪው የዋልያስን መጨረሻ ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ከማኅሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ግማሾቹ ወደ ሀገር ተመለሱ፤ አራቱ ዋሽንግተን ቀሩ። ከአራቱ አንዱ ግርማ በየነ ነበረ፤ ለብዙዎቹ የዘመኑ ሸክላዎች ዜማ ያቀነባበረ ሰው በስደት ዓመታቱ ከሙዚቃ ርቆ በሌላ ጉልበት ኖረ። ሌላው የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ነበረ። በልጅነቱ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ገብቶ የወጣ፣ በምሽት ክበቦች አኮርዲዮን እየተጫወተ ያደገ፣ ዋልያስን ይዞ ሒልተንን የሞላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን፣ አኮርዲዮንና ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ደራርቦ፣ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያም ታክሲ መንዳት ጀመረ። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ይጭናል፤ ያደርሳል፤ ተመልሶ ይሰለፋል።

ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 በውጭ አገር አሳታሚ እንደገና ወጥቶ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች እስኪፈለግ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት የታክሲው ሰልፍ ረጅም ሲሆን፣ ቀጣዩ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ፣ ኃይሉ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራውን ኪቦርድ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና ይለማመድ ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መልሶ ከሻንጣው ቦታ ያስገባዋል።